የአርባ ቀን ዕድልና የገዛ እጃችን ሥራ



በአገራችን ትዳር ሲፈርስ፣ ንግድ ሲከስር፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲባረር ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፦ «ምን ይደረግ፤ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።» ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። በሰፊው እንደሚታመነው የሰው ዕድል በዚያች ቀን ተጽፎ ያልቃል፤ የቀረው ዕድሜ የተጻፈው የሚፈጸምበት ብቻ ነው። አነጋገሩ ያጽናናል፤ አልክድም። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ብትለው ከእሷ ጋር አልከራከርም። የምከራከረው የዕቁብ ገንዘብ በልቶ የጠፋ ሰው ከተያዘ በኋላ ሲለው ነው፤ ሚስቱን ሲደበድብ ኖሮ ቤቱ የፈረሰበት ባል ሲለው ነው።

እስኪ በዚያች በአርባኛዋ ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን እንመልከት። ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ሕፃኑን ይዘው መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞራሉ፤ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖታቸውን ይመሰክራሉ። ጥምቀቱ፣ ሜሮኑ፣ ቁርባኑ የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ቀኑ የመካድና የማመን ቀን ነው፤ አንዱን መንገድ ትቶ ሌላውን የመያዝ ቀን ነው። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያለ ምርጫ እንዳይገባ ሰው ዋስ ሆኖ ይመርጥለታል፤ ሲያድግ ግን ቃሉን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው።

የቀኑ ቁጥርም ከየትም የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ካለው የመንጻት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት እንደ ገቡ ይተርካል። የገቡበት ቦታ ትእዛዝ የተሰጠበት፣ ዛፉ በመካከል የቆመበት፣ መብላትም አለመብላትም የሚቻልበት ቦታ ነበር። በዚህ አተራረክ አርባኛው ቀን ሰው ከምርጫ ጋር የተገናኘበት ቀን ነው። እኛ ግን ምርጫ የሚያበቃበት ቀን አደረግነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ስሕተት አይመስለኝም።

ከገነት ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር ይጠይቃል። አዳምን የት እንዳለ፣ ራቁቱን መሆኑን ማን እንደ ነገረው፣ ከተከለከለው ዛፍ በልቶ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ሔዋንንም ምን እንዳደረገች ይጠይቃታል። እባቡን ግን ምንም አይጠይቀውም፤ ፍርዱን ብቻ ያስታውቀዋል። ጥያቄ የሚቀርበው መልስ ለመስጠት ለሚችል ነውና በዚያ አሳዛኝ ምዕራፍ ውስጥ እንኳ ሰው እንደ ሰው ተከብሯል። የሰጠው መልስ ግን የሚያኮራ አይደለም። አዳም ወደ ሚስቱ ጠቆመ፤ በዚያም አልበቃውም፤ እሷን የሰጠኸኝ አንተ ነህ ብሎ ነገሩን እስከ ፈጣሪው አደረሰው። ሔዋን ደግሞ ወደ እባቡ ጠቆመች።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ሚስቱ በእርግጥ ሰጥታዋለች፤ እባቡም በእርግጥ አሳስቷታል። ምክንያት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ በቀላሉ እናጋልጠው ነበር። የሚያስቸግረን እውነት የሆነው ነው፦ አለቃዬ ክፉ ነው፤ አማቴ ቤቴን በጠበጠችው፤ ደመወዜ አይበቃም፤ ጓደኞቼ ናቸው መጠጥ ያስተማሩኝ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን አንተ ምን አደረግህ የሚለው ነበር።

ስለዚህ ስለ ዓይነ ጥላ፣ ስለ ድግምት፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ኮከብ አለመግጠም ሲነሣ መናፍስት አሉ የሉም ወደሚል ክርክር አልገባም። ክርስቲያን በሰይጣን መኖር ያምናል፤ ጸሎቱም ጸበሉም የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ጸበል ቦታ ሄዶ «ትዳሬን ያፈረሰው ዓይነ ጥላ ነው» የሚለውን አንድ ወጣት ማን ደፍሮ ሚስቱን ስንት ጊዜ እንደ ሰደባት፣ ስንት ሌሊት ከቤት ውጪ እንዳደረ ይጠይቀው? አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ጠንቋዮችንና ኮከብ ቆጣሪዎችን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ አያያዛቸው ጭካኔ የበዛበት ቢሆንም። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሰውንና የእናቱን ስም አስልቶ ዕጣ የሚያወጣው ዐውደ ነገሥት እስከ ዛሬ በመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ ይገኛል። ገዢ ባያገኝ ማን ይይዘው ነበር? ገዢው የሚፈልገው የወደፊቱን ማወቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ያለፈውን ከራሱ ላይ ማውረድም ይፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ንስሐን በቀጥታ ይነካል። የነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ የሚስቱን፣ የወንድሙን፣ የአለቃውን ኃጢአት ዘርዝሮ የሚመለስ ሰው የጎረቤቱን ደም ይዞ ላቦራቶሪ እንደ ሄደ በሽተኛ ነው። ምርመራው ትክክል ሊወጣ ይችላል፤ የሚታዘዘው መድኃኒት ግን ለእሱ አይሆንም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ የራሴ ነው ብዬ ያልወሰድኩት ጥፋት ይቅር ሊባልልኝ አይችልም። በቂ ምክንያት ካለኝ ምሕረት አያስፈልገኝም፤ ምሕረት የሚያስፈልገኝ ምክንያቱ ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ አሁንም እኔው ሆኜ ስገኝ ነው። ስለ ኃላፊነት ሲነገር ሰዎች ፊታቸው የሚኮሳተረው ሸክም ሊጫንባቸው የመጣ እየመሰላቸው ነው። በክርስትና ግን የይቅርታ በር ያለው በዚያው በኩል ነው፤ ሌላ በር የለውም።

ሁለት ነገሥታትን ላወዳድር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ሳኦል አማሌቅን ሲወጋ ምንም እንዳያስቀር ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ራሱ ለዛሬ አንባቢ ከባድ ነው፤ እሱ ሌላ ቀን የሚፈልግ ርእስ ነው። ሳኦል ንጉሡን አጋግንና ከከብቱ የሰባውን አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል ሲመጣ መጀመሪያ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ። የበጎቹ ድምፅ ሲያጋልጠው ያስቀረው ሕዝቡ ነው አለ፤ ለዚያውም ለአምላክህ መሥዋዕት ነው ብሎ ሃይማኖት ጨመረበት። ነገሩ ሲጠብቅበት በደልሁ አለ፤ ግን ሕዝቡን ፈርቼ ነው የሚል አስከተለበት። በመጨረሻም የለመነው ምን ነበር? በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ የሚል ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አራት መሸሸጊያ ቀያየረ። ከዚያ በፊት በኦሪት ዘጸአት አሮንም ስለ ወርቁ ጥጃ ሲጠየቅ ወርቁን ወደ እሳት ጣልሁት፣ ይህም ጥጃ ወጣ ብሎ ነበር፤ በመቅረጫ ቀርጾ እንዳበጀው የጥጃው ታሪክ ራሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ጽፎታል። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው አልፎ አልፎ ሳቅ ቢያመልጠው ኃጢአት አይመስለኝም።

ዳዊት የሠራው ከሳኦል ይብሳል። የኬጢያዊውን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ ከዚያም የኦርዮን የሞት ደብዳቤ በኦርዮ በራሱ እጅ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ላከ። ምክንያት ቢፈልግ ሞልቶት ነበር። በጣሪያ ላይ ሲመላለስ ድንገት ነው ያያት፤ ንጉሥ ነው፤ ዘመኑ የጦርነት ነው፤ በጦርነት ደግሞ ሰው ይሞታል። ነቢዩ ናታን አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻ የነገረውን ታሪክ ሲሰማ በቁጣ ነድዶ ባለጠጋው አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ያ ሰው አንተ ነህ ሲባል ግን የመለሰው በጣም አጭር ነው። እግዚአብሔርን መበደሉን ብቻ ተናገረ። ቤርሳቤህን አላነሣም፤ ኢዮአብን አላነሣም፤ የሥልጣን ፈተና አልጠቀሰም። በእኛ ቁጥር መዝሙር 50 የሆነው፣ ወንጌላውያን 51 የሚሉት የንስሐ መዝሙር በአርእስቱ ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው የሚነበበው።

ይቅር ተባለ። ሆኖም ከዚህ በኋላ የመጣው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሕፃኑ ሞተ፤ ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም፤ የገዛ ልጁ አቤሴሎም ከዙፋኑ አሳደደው። ይቅርታ ውጤትን አላጠፋም። ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላም ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ሰሎሞን የተወለደበት ቦታ ላይ ሲደርስ እናቱን በስሟ አይጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት የነበረች ብሎ ይጽፋል። የተገደለው ሰው ስም በክርስቶስ የዘር ሐረግ መካከል ቀርቷል። ይቅር ለማለት ጥፋቱን መርሳት ግድ ነው የሚሉ ሰባክያን ይህችን ቁጥር ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ወንጌላውያን ወገኖቻችን ልዙር፤ ኦርቶዶክሶቹን ብቻ ነካክቶ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። በእነርሱ ዘንድ የአርባ ቀን ዕድልን ቦታ እየያዘ የመጣው «የትውልድ እርግማን» ነው። አያት ባዕድ አምልኮ ነበረበት፤ አባት ሰካራም ነበር፤ ስለዚህ ልጁ ቢሰክር፣ ቢከስር፣ ትዳር ባይጸናለት ሰንሰለቱ ስላልተሰበረ ነው ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ከሃያ አምስት መቶ ዓመታት በፊት ተሰጥቷል።

ሕዝቅኤል ካህን ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ597 ከኢየሩሳሌም ከተጋዙት ጋር ወደ ባቢሎን ምድር ተወስዶ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከተቀመጡት ምርኮኞች አንዱ ሆነ። በምርኮኞቹ መካከል ተረት ሆኖ የሚነገር አንድ አባባል ነበር፤ አባቶች ጎምዛዛ ፍሬ በልተው የልጆች ጥርስ እንደሚጠርስ የሚናገር። ያው ተረት በኤርምያስ መጽሐፍም ተነሥቷል፤ በሰፊው የታወቀ ነበር ማለት ነው። ምርኮኞቹ ዝም ብለው አልነበረም የሚያወሩት። መጽሐፈ ነገሥት ራሱ ለይሁዳ ጥፋት ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ከብዙ ዓመታት በፊት የሞተው የንጉሥ ምናሴ ክፋት ነው። ማስረጃ አላቸው፤ ተበድለዋል፤ ተግዘዋል።

ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ይህን ተረት ከእንግዲህ እንዳትተርቱት ይላቸዋል። የሦስት ትውልድ ሰዎችን ያቀርባል፦ ጻድቅ አባት፣ ዓመፀኛ ልጅ፣ አባቱን አይቶ መንገዱን የለወጠ የልጅ ልጅ። የአባት ጽድቅ ዓመፀኛውን አያድነውም፤ የአባት ዓመፅም የልጅ ልጁን አይገድለውም። እያንዳንዱ በገዛ ሥራው ይኖራል ወይም ይሞታል። ይህ ለምርኮኞቹ የምሥራች መሆን ነበረበት፤ በአባቶቻችሁ ጥፋት አትጠየቁም ነውና የሚላቸው። እነሱ ግን የእግዚአብሔር መንገድ የቀና አይደለም ብለው አጉረመረሙ። ለምን ይመስላችኋል? ጥፋቱ የአባቶች እስከሆነ ድረስ ቅጣቱ ብቻ እንጂ የመለወጥ ግዴታው በእነርሱ ላይ አልነበረም። ተረቱ ሲወሰድባቸው ምርኮው ቀርቶላቸው አይደለም፤ ሰበቡ ቀረባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ይደርሳል ተብሎ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተብሏል። የሰካራም አባት ልጅ በባዶ ሆዱ ይተኛል፤ የሚደበድብ አባት ልጅ መደብደብን ከቤት ይማራል፤ የአንድ ትውልድ ጦርነት ቀጣዩን ትውልድ አባት አልባ ያደርገዋል። ይህን የሚክድ ዓይኑን ጨፍኗል። ውጤት ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል፤ በደለኛነት ግን አይሻገርም። ከተሻገረው ውጤት መካከል ቆሜ ዛሬ የማደርገው የእኔው ነው። ሕዝቅኤል ሌላም ይጨምራል፦ ኃጢአተኛው ከመንገዱ ቢመለስ የትናንት ሥራው እንኳ አይታሰብበትም። የአባቴ ቀርቶ የራሴ ያለፈ ዘመን ዕጣ ፈንታዬ አይደለም።

የመጨረሻው መሸሸጊያ እግዚአብሔር ራሱ ነው። «እሱ ያለው ሆነ» ይባላል፤ ወይም «ጌታ ተናግሮኝ ነው» ይባልና ክርክሩ ይዘጋል። ሲራክ በምዕራፍ 15 ያሳተኝ እግዚአብሔር ነው እንዳትል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ለሚያምኑት ይህ ይበቃል፤ በስድሳ ስድስቱ ለሚያምኑት ደግሞ ያዕቆብ በመልእክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያንኑ ተናግሯልና ማንም አያመልጥም።

አሁን ንግግሬን ለክፉ ዓላማ ሊጠቀምበት ለሚችል ሰው አንድ ነገር ልበል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለራስ የሚነገር ነው እንጂ በሰው ራስ ላይ የሚወረወር ዱላ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሏል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። የኢዮብ ወዳጆች ጥፋታቸው ይኸው ነበር፤ የተቸገረውን ሁሉ ያጠፋ አስመሰሉት። ድርቅ የመታውን ገበሬ፣ በጦርነት የተፈናቀለችን እናት፣ በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይን ወንድም «የእጅህን ነው ያገኘኸው» የሚል ሰው ኃላፊነትን አላስተማረም፤ ጨካኝ ሆኗል። የተበደለ ሰው ለደረሰበት በደል አይጠየቅም። ዮሐንስ አፈወርቅ ከቁስጥንጥንያ መንበሩ ተነቅሎ በግዞት ላይ ሳለ፣ በ407 ከመሞቱ በፊት፣ ራሱን ያልጎዳን ሰው ማንም ሊጎዳው እንደማይችል የሚያስረዳ ድርሳን ጽፏል። ይህን የመጻፍ መብት ያለው የተገፋው ራሱ ነው፤ ገፊው ቢጽፈው አስጸያፊ ይሆን ነበር።

ታዝዤ ነው ስለሚለው ምክንያት ደግሞ ብዙ አልናገርም፤ ይህን ትውልድ ብዙ ስላስለቀሰ ቃላት ማብዛት አልፈልግም። በቀይ ሽብር ዘመን የገደሉ እጆች ሲጠየቁ ወደ ላይ ጠቁመዋል። ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲል ግን አብረዋቸው የተፈረደባቸው በርካታ የበታች ባለሥልጣናትም ነበሩ። ጲላጦስም በሕዝብ ፊት እጁን ታጥቧል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር በኋላ አምኖ እንደ ቅዱስ መታሰቡን የማያውቁትን ይህን መስማት ያስገርማቸዋል፤ እኔም የሚገርመኝ ነገር ነው። ያም ሆኖ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ስሙ ከጌታ ስቅለት ጋር ይነሣል። ውኃው ያን ስም አላጠበውም።

ምርጫ አልነበረም ለሚል ሰው ሁለት አዋላጆችን አስታውሰዋለሁ። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች ሲወለዱ እንዲገድሉ ያዘዛቸው ሲፓራና ፉሐ ትእዛዙን አልፈጸሙም። የኦሪት ዘጸአት ጸሐፊ የፈርዖኑን ስም አልጻፈውም፤ የሁለቱን ሴቶች ስም ግን ጽፎታል። በእኛም አገር ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አርበኞችን አውግዛችሁ ተገዙ የሚለው ጥያቄ ለካህናቱ ሁሉ ቀርቦ ነበር። የተቀበሉት ነበሩ፤ ከጳጳሳት ወገን ሳይቀር። አቡነ ጴጥሮስ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የተገዙት ላይ ልፈርድ አልተነሣሁም፤ በዚያ ጠመንጃ ፊት ምን እንደማደርግ ገና አልተፈተንኩም። ግን ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ መለያየቱ ምርጫ እንደ ነበረ ያረጋግጣል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ባህላችን ጥፋትን ወስዶ ይቅርታ መጠየቅን የማያውቅ ባህል አይደለም። በድሎ የሚታረቅ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ ተበዳዩ ፊት ይቀርብ ነበር፤ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያስወርደው ነበር። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ በተባለ ቦታ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገቡ በዚህ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው እንደ ቀረቡ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ያ የፖለቲካ መገዛት ነበር፤ የንስሐ ምሳሌ አድርጌ አላቀርበውም። የምጠቅሰው ሥርዓቱ ለንጉሥም እንዳልቀረለት ለማሳየት ነው። ድንጋዩ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነበር። ማን እንዳጠፋ የሚያይ ሁሉ ያውቃል።

የዛሬው ሽምግልናችን ግን ድንጋዩን ለሁለት እየሰነጠቀ ያካፍላል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር ገና ሳይሰማ «ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፤ ተነሡና ተሳሳሙ» ይላሉ። ነገር ይብረድ ተብሎ ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የተደበደበችው ሚስትም ግን ተነሥታ ይቅርታ ትጠይቃለች። ደብዳቢውም «ባጠፋም ባላጠፋም ይቅርታ» ይላል። ባጠፋም ባላጠፋም! በማወቅም ባለማወቅም ለሠራነው ይቅርታ መለመን ለጸሎት ተገቢ ነው፤ ሰው ሁሉን አያስታውስምና። ያወቀውን፣ ትናንት ማታ በገዛ እጁ ያደረገውን ሰው በዚያ ቃል ሲሸፍን ግን እርቁ ሳምንት አይቆይም፤ እንደማይቆይም አይተናል።

የኢያሪኮው ዘኬዎስ ያደረገውን እናወዳድር። የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብቱ ከዚያ የመጣ ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው ምክንያት አያጣም፦ ሥርዓቱ የሮም ነው፤ ሁሉም ይወስዳል፤ እኔ ባልወስድ ሌላው ይወስዳል። ጌታ ቤቱ ሲገባ ግን ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች፣ በሐሰት የከሰስኩት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ቁጥሩን ቆም ብለን እንመልከተው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 መሠረት በደሉን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል። አራት እጥፍ ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ የተወሰነ ክፍያ ነው፤ ዳዊትም በናታን ታሪክ ውስጥ ባለጠጋው ላይ የፈረደው ይህንኑ ነው። ዘኬዎስ ማንም ሳይከሰው ራሱን በሌባ መደብ አስቀመጠ። ቀረጥ አላለውም፤ ኮሚሽን አላለውም፤ የሻይ አላለውም።

ዘኬዎስ ለተበዳዩ መመለስን አልዘለለም፤ እኛ ግን ዘለነዋል። ጉቦ የበላ ሹም ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ይገዛል፤ ሠራተኞቹን የደመወዛቸውን ግማሽ የከለከለ ነጋዴ ለአዳራሽ ግንባታ በአደባባይ ቃል ይገባል፤ ጭብጨባም ይደረግለታል። ያው የኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ ግን የተወሰደው ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። ባለቤቱ ከሌለ፣ የሚቀበልለት ዘመድም ከታጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ለካህኑ የሚሰጠው። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ገንዘቡን ተቀብላ ቆርቆሮ የምታለብስ ቤተ ክርስቲያን ከሰጪው ጋር አብራ ትጠየቃለች ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለዚህ ካህናትንና መጋቢዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ገንዘብ የበደለ ሰው ለንስሐ ሲመጣ ጾሙንና ስግደቱን ከማዘዛችሁ፣ እጃችሁንም ከመጫናችሁ በፊት፣ ለባለቤቱ መለሰ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ሽማግሌዎችን እለምናለሁ፦ «የሁለታችሁም ነው» ከማለታችሁ በፊት ማን ምን እንዳደረገ ለይታችሁ ስሙ፤ የአንዱ ከሆነ የአንዱ ነው በሉ። እናንተ አድማጮቼ ደግሞ መባችሁን በመሠዊያው ፊት ትታችሁ መጀመሪያ ከወንድማችሁ ጋር ታረቁ መባላችሁን ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት የበደላችሁትን አንድ ሰው በስም አስቡና ሂዱበት፤ ሩቅ ከሆነ ደውሉለት። ምን እንዳደረጋችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ምክንያት አትጨምሩበት፤ ዕዳ ካለባችሁ መቼ እንደምትከፍሉ ቀን ቁረጡለት። ይቅር ባይላችሁም ዕዳውን ክፈሉ።